በትንሽ ግቢ ራስን መቻል፦ ከቆርቆሮ ጣሪያ እስከ ማጀት

ከተማ ውስጥ «ከእንግዲህ የምበላውን ራሴ አመርታለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ዶሮ ነው። አይፈረድበትም። ዶሮ ቶሎ ውጤት ታሳያለች፤ ልጆችም ይወዷታል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። መኖው ይወደዳል፣ ኩሱ ይሸታል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለዶሮ የሚቀዳው ውሃ ከቤቱ ውሃ ጋር ይሻማል። ዓመት ሳይሞላ ዶሮዎቹ ለበዓል ይታረዳሉ፤ ቤታቸውም የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አፈር፣ ከዚያ ጎመን፣ ከዚያ ዶሮ፣ በመጨረሻ ማጀት። አንዱ ሌላውን ይቀልባል። ውሃው መደቡን ያጠጣል፣ የመደቡ ትራፊ ለዶሮ ይሆናል፣ የዶሮ ቤቱ ጉዝጓዝ ብስባሽ ሆኖ ወደ መደቡ ይመለሳል። ሁሉንም የሚወስነው ግን ውሃው ነው። ስንት ሊትር ማስቀመጥ እንደምትችሉ ሳታውቁ ስንት ካሬ እንደምትተክሉ አትወስኑ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንነጋገር። እንጀራችሁን ከግቢያችሁ አታገኙም። ጤፍ በሄክታር 18 ኩንታል ቢሰጥ እንኳ 100 ካሬ ሜትር ላይ የሚገኘው 18 ኪሎ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ወር አያደርስም። ስለዚህ ጤፍና ስንዴ ከገበያ ይምጡ፤ ግቢው ደግሞ በየቀኑ ጉልት የሚያስሮጠንን ነገር ይስጥ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቅመም ቅጠላ ቅጠል፣ እንቁላል።

ከዚህ በታች ያሉት ወራት ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋማ ከተሞች የሚሠሩ ናቸው። አዳማ ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ ቅደም ተከተሉን ያዙት፤ የመዝሪያ ጊዜውን ግን እዚያው ካሉ ገበሬዎች ጠይቁ።

ውሃ፦ ከሚያዝያ ጀምሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ከቆርቆሮ ላይ የሚፈናጠረውንና የሚተነውን 20 በመቶ ብንቀንስ፣ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት 20 ሚሊ ሜትር በጣለበት አንድ ከሰዓት 640 ሊትር ይሰበስባል ማለት ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ከዚያች 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ወር 6,400 ሊትር ይወርዳል፤ አብዛኛው ቤት ይህንን ውሃ ወደ ቦይ ይለቀዋል።

የሚያስፈልጋችሁ አሸንዳ፣ የፒቪሲ ቱቦ፣ ሮቶና ጥቂት ማያያዣ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አሸንዳውን ስታሰቅሉ ወደ ሮቶው ማዘንበሉን አረጋግጡ። በየ1 ሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃል። ክር ወጥራችሁ ለኩት፤ «በዓይኔ አየዋለሁ» የሚል ሠራተኛ ሲያጋጥማችሁ እሺ አትበሉ። ውሃ የሚያቁር አሸንዳ የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ቶሎም ይዝጋል። የሚሸከሙት ብረቶችም አይራራቁ። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል አሸንዳው ውስጥ የሚከማቸው ክብደት ቀላል አይደለም፤ በ60 እና በ80 ሴንቲ ሜትር መካከል ይሁን።

የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶው አታስገቡ። ከበጋው ሙሉ የተጠራቀመ አቧራ፣ የወፍ ኩስና ቅጠል ይዞ ነው የሚወርደው። ይህንን ውሃ ለይቶ የሚያስቀር ቀላል ዘዴ አለ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ወደ ሮቶው ከመታጠፉ በፊት ቲ ቅርጽ ባለው ማያያዣ ሌላ የቆመ ቱቦ ቀጥሉለት፤ ጫፉን በሚፈታ ክዳን ዝጉት። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ ይህንን ቱቦ ይሞላዋል፤ ሲሞላ ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት ያስፈልጋል፤ 3 ቢሆን ይሻላል። ክዳኑ ላይ በቀጭን ምስማር ቀዳዳ አብጁለት፤ ቀስ እያለ ይንጠባጠብና ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

የሮቶው መቆሚያ ላይ ብር አትቆጥቡ። 2,000 ሊትር ውሃ 2,000 ኪሎ ይመዝናል። ያልተደላደለ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አፈሩ በክረምት ሲርስ ሊያዘነብል ይችላል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም። በሲሚንቶ የተሠራ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ መቆሚያ ይሁን። ከፍታው ባልዲ ከቧንቧው ሥር ለማስገባትም፣ በጎማ ወደ መደቡ ለመልቀቅም ይጠቅማል። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይሁን፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። መግቢያውና የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ወንፊት እሰሩ። ክዳኑ ልጅ የማይከፍተው ይሁን።

ውሃውን ለምን ልጠቀምበት? ለአትክልት፣ ለዶሮ፣ ለጽዳት፣ ለልብስ። ለመጠጥ የቧንቧውን ቆጥቡ። ግድ ሆኖ የዝናቡን መጠጣት ካለባችሁ በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጣሪያችሁ የድሮ አስቤስቶስ ከሆነ ግን ለመጠጥ አታስቡት።

አሁን ወደ ወሳኙ ሒሳብ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 4 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ከተከላችሁ በቀን 40 ሊትር ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ 50 ቀን ያቆያችኋል፤ ከጥቅምት እስከ በልጉ ዝናብ ያለው ጊዜ ግን ከዚህ እጥፍ በላይ ነው። ቀሪውን ከየት? ከቧንቧው ፈረቃ ጥቂት፣ ከወጥ ቤት ብዙ። የአትክልት፣ የሩዝና የምስር እጣቢ በቀጥታ ለመደብ ይሆናል። የሳሙና ውሃ ለዛፍና ለጠጅ ሳር ይሁን፤ ሰላጣና ጎመን ላይ አይፍሰስ። በረኪናና ጨው የገባበት ለምንም አይሆንም። ይህ ሁሉ ተደምሮም ካልበቃ በበጋ መደቡን በግማሽ ቀንሱ። በደንብ የጠጣ 5 ካሬ ከተጠማ 15 ካሬ የበለጠ ይሰጣል።

አፈር፦ ብስባሹን ከክረምቱ በፊት

የአዲስ አበባ ግቢ አብዛኛው ወይ ዋልካ ነው ወይ የግንባታ ፍርስራሽ ነው። ዋልካ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ከፍ ያለ መደብና ብስባሽ።

ብስባሽ በክረምት ከመሬት በላይ ተከምሮ፣ በበጋ ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በክረምት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፤ በበጋ ክምር ይደርቃል። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን። ካነሰ ሙቀት አይዝም፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ያለ ሙቀት ዓመት ይፈጃል።

ከታች የተቆራረጠ ጭራሮ አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ አንድ ክንድ የማይሞላ ደረቅ ነገር፤ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የሣር ጉዝጓዝ። በላዩ የዚያን ግማሽ ያህል እርጥብ፤ የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላ። በላዩ ስስ የእበት ወይም የዶሮ ኩስ ንጣፍ፣ ትንሽ አፈርና አመድ። ውሃ እረጩበት፤ እንደገና ከደረቁ ጀምሩ። በዓል ያለፈ ሰሞን ከየጎረቤቱ የሚጣለውን ቄጠማ ሰብስቡ፤ እንደሱ ያለ ደረቅ ግብዓት በነፃ አይገኝም። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይትና የበሰለ ምግብ አይግቡ፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ይቅር።

መሥራቱን ለማወቅ ረጅም እንጨት መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ ተዉት። በሦስተኛው አራተኛው ቀን አውጥታችሁ ዳብሱት። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ እየሠራ ነው። ሞቆ ከደረቀ ውሃ ጨምሩ። ከቀዘቀዘና ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ደረቅ ነገር ጨምራችሁ አገላብጡት። በየ3 ሳምንቱ አንዴ አገላብጡት፤ ክረምት ላይ በላስቲክ ሸፍኑት። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጥቁር፣ የሚፈረፈርና የዝናብ አፈር የሚሸት ይሆናል።

የመጀመሪያው ብስባሻችሁ እስኪደርስ የከብት እርባታ ካለበት ሰፈር ያረጀ ፋንድያ በማዳበሪያ ከረጢት ግዙ። ትኩስ አትግዙ፤ ሥር ያቃጥላል።

ጎመን፦ እንደ ጾሙ ተከታተሉት

መደቡ ወርዱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሃሉ ይደርሳል። ከመሬት ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር። በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ መደቡን በእግር መርገጥ ክልክል ነው። በየካሬ ሜትሩ አንድ ባልዲ ብስባሽ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉ።

ለጀማሪ ከአበሻ ጎመን የተሻለ አትክልት አላውቅም። ብርድ ይችላል፣ አንዴ ተተክሎ ለወራት ይቆረጣል፣ ዘሩም በየገበያው አለ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ጊዜው ላይ ነው። በሚጾም ቤት ጎመን በጣም የሚፈለገው በፍልሰታና በሁዳዴ ነው። ያኔ ደግሞ ገበያው ላይ ይወደዳል። ስለዚህ ከጾሙ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጎመን በችግኝ መደብ ላይ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይቆያል፤ ከተዛወረ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ መቁረጥ ይጀመራል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስለዚህ ዘሩ በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት መሬት ይንካ፤ ችግኙ በሰኔ አጋማሽ ይዛወር። ለሁዳዴ ደግሞ ኅዳር መጀመሪያ ዝሩ፣ ታኅሣሥ ላይ አዛውሩ። ሁዳዴ የበጋው ውሃ በተሟጠጠበት ወቅት ስለሚመጣ የጥቅምትና የኅዳር ቁጠባችሁ የሚፈተነው ያኔ ነው።

አዘራሩ፦ የችግኝ መደቡ ላይ በጣት ጥልቀት ሳይሆን በግማሽ ሴንቲ ሜትር መስመር አውጡ፣ ዘሩን አራርቃችሁ ጣሉ፣ ስስ አፈር አልብሱ፣ ሣር ሸፍኑበት። ሲበቅል ሣሩን አንሱ። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ አዛውሩት። በችግኞቹ መካከል 30፣ በመስመሮቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር። 30 ችግኝ 4 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ድስት ይሞላል።

አቆራረጡ ላይ ተጠንቀቁ። ከታች ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ገንጥሉ፤ ከላይ አምስት ስድስት ቅጠል ይቅር። አናቱን የቆረጠ ሰው ጎመኑን ጨረሰው።

ከተዛወረ በኋላ መደቡን በደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጉዝጓዝ ሸፍኑት። በበጋ ይህ ውሃውን ያቆያል፤ አረምም ያፍናል። በክረምት ግን ሳሳ አድርጉት፤ ቀንድ አውጣ ይደበቅበታል። ቀንድ አውጣን በባትሪ ማታ ወጥቶ መልቀም ነው እንጂ ዙሪያውን የሚነሰነስ አመድ ዝናብ ሲነካው አይሠራም።

የጎመን ዋና ጠላት ክሽክሽ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር የሚሰፍር ግራጫ፣ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ተባይ። ጥቂት ሲሆን በጣታችሁ ጨፍልቁት ወይም በውሃ ግፊት እጠቡት። ሲበዛ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የተወረረውን ቅጠል ከነተባዩ ለዶሮ መስጠት ነው። ለአምስት ካሬ ሜትር ጎመን ኬሚካል መግዛት አይታየኝም።

ሁለት ሦስት ጠንካራ እግር ጎመን አትቁረጡት፤ ያብብ፣ ዘር ይያዝ። ዛላው ቢጫ ሲሆን ቆርጣችሁ በጨርቅ ላይ አድርቁ። ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆናል፤ የተረፈው የምጣድ ማሰሻ ነው። ይህ የሚሠራው ለአገሬው ዘር ነው። በፓኬት የምትገዙት ድቅል ዘር ከሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም።

ስለሌሎቹ ባጭሩ። ቆስጣ እንደ ጎመን ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት ፍሬውን ፈልፍላችሁ ሹሉን ወደ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ፤ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል፤ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ካሮት ችግኙ አይዛወርም፤ ባለበት ይዘራል። ቲማቲም በክረምት ደጋ ላይ አትሞክሩ፤ ቅጠሉን በሽታ ያጠቁረዋል። ዝናቡ ሲያበቃ ትከሉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ሌሊት ሸፍኑት። ቃሪያም እንደዚያው። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳርና በሶብላ ከአጥሩ ሥር ይግቡ። በሶብላ በየዓመቱ ከዘር ይዘራል፤ ሌሎቹ አንዴ ከያዙ ይኖራሉ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፦ ባዶ ማዳበሪያ አፈርና ብስባሽ ሞልታችሁ፣ መሃሉ ላይ ለውሃ መውረጃ የጠጠር ዓምድ አቁሙ፤ ጎኑን እየቀደዳችሁ ቆስጣና ሰላጣ ትከሉበት። የበረንዳው ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ካልሞላ አትድከሙ። ውሃ የጠጣ ማዳበሪያ ከባድ ነው፤ በረንዳው ጫፍ ላይ አትደርድሩት፤ የታችኛው ጎረቤት ልብስ ማስጫም ላይ አይንጠባጠብ።

ዶሮ፦ ስድስት ይበቃል

ውሃው ካለ፣ ብስባሹ ከሠራ፣ ጎመኑ ከያዘ አሁን ዶሮ ይምጣ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ካነቃቃቸው ነገሮች አንዱ የጓሮ ዶሮ ነው፤ የ45 ቀን ጫጩት ማግኘትም እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ያልቃል።

ምን ዓይነት? ቦቫንስ ብራውን ብዙ እንቁላል ይጥላል፤ ግን የተሟላ መኖ ካላገኘ ወዲያው ይቀንሳል። ሳሶና ኮኮክ ለእንቁላልም ለሥጋም ይሆናሉ፤ ግቢ ውስጥ እየለቀሙ መዋል ይችሉበታል። የአገሬው ዶሮ በዓመት ከ60 እንቁላል ብዙም አያልፍም፤ ግን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ በሽታም ትቋቋማለች። አምስት ሳሶና አንድ የሐበሻ ታቃፊ ጥሩ ስብስብ ነው። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጫጩት ከፈለጋችሁ ብቻ ነው፤ ያኔ ታቃፊዋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ግድግዳ የሚጋራችሁን ጎረቤት አስቀድማችሁ አማክሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት መኖውን አስሉ። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ስድስቱ በቀን 700 ግራም ያህል፣ በወር 21 ኪሎ። አንድ ኩንታል 5 ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል። የኩንታሉን ዋጋ ከሰፈራችሁ የእንቁላል ዋጋ ጋር አስተያዩት። የጓሮ እንቁላል ርካሽ የሚሆነው የመኖውን የተወሰነ ክፍል ጎመኑ፣ አረሙና የወጥ ቤቱ ትራፊ ሲሸፍኑት ነው። ሁሉንም በትራፊ እሸፍናለሁ ማለት ግን አይሆንም፤ እንቁላሉ ይቆማል። ፉርሽካ ብቻውን መኖ አይደለም። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፣ የኑግ ፋጉሎ ገንቢ ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት ደርቆ ተወቅጦ ካልሲየም ይሆናል። ቅርፊቱን በደንብ አድቅቁት፤ ቅርጹን ካወቁት የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

ቤቱ ለስድስት ዶሮ 2 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ ቀን ቀን የሚወጡበት የታጠረ ቦታ ካለ። ጣሪያው አያፍስ፣ አንድ ጎኑ ነፋስ ከማይመጣበት በኩል በሽቦ ይሁን። ሽቦው ቀዳዳው ጠባብ ይሁን። ሸለምጥማጥ በማታምኑት ቀዳዳ ይገባል፤ በአንድ ሌሊትም አንዱን ብቻ በልቶ አይሄድም። ሽቦውን መሬት ውስጥ አንድ ስንዝር ቅበሩት። ቆጡ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ለእያንዳንዷ 20 ሴንቲ ሜትር። የእንቁላል መጣያው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨለም ያለ ሳጥን ነው፤ ሁለት በቂ ነው። ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ ወይም ጭድ አንጥፉ፤ በየጥቂት ቀኑ አገላብጡት። ሲረጥብ የሚሸተው እሱ ነው፤ ደረቁን ጨምሩበት፤ የረጠበውን ወደ ብስባሹ ውሰዱ። ትኩስ ኩስ በቀጥታ ጎመን ላይ አይፈስም።

አሁን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ። ጓሮውን በሙሉ በሳምንት ባዶ የሚያደርገው እሱ ነው። አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳይታይ ሞታ ትገኛለች። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። የ45 ቀን ጫጩት ስትገዙ የትኞቹን ክትባቶች በየትኛው ቀን እንደወሰዱ በጽሑፍ ጠይቁ። የፈንግል እንዲሁም ማሬክስና ጉምቦሮ የሚባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት መኖራቸውን አረጋግጡ። ወረቀት የሌለው ሻጭ ዋጋ ቢቀንስላችሁም እለፉት። ከዚያ በኋላ የሚደገምበትን ጊዜ ከወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋር ያዙ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሳው በክረምት መግቢያ ስለሆነ ከግንቦት በፊት ተከተቡ።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው በበዓል ነው። ለዶሮ ወጥ የተገዛውን ዶሮ ከገበያ አምጥተው እስኪታረድ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ያሳድሩታል። ከስንት ቦታ የመጣ ዶሮ ጋር ሲጋፋ የዋለ ነው። የበዓሉን ዶሮ በሌላው የግቢ ጫፍ እሰሩት፤ መጠጫውንም ለዩት፤ ላባውንና የሆድ ዕቃውን ቅበሩ። ለማርባት የተገዛ አዲስ ዶሮም 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

እንቁላል ከ5 ወር ዕድሜ ገደማ ይጀምራል። የ45 ቀኑን በነሐሴ ከገዛችሁ ለገና መጠበቅ ትችላላችሁ። ውሃ ለስድስቱ በቀን 1 ሊትር ተኩል ይበቃል፤ ግን ለግማሽ ቀን ከተቋረጠባቸው በማግሥቱ እንቁላሉ ላይ ታዩታላችሁ።

ማጀት

የጓሮው ምርት ለማከማቸት አይተርፍም፤ እውነቱ ይህ ነው። ማጀቱ የሚጠቅመው በመኸር ወቅት፣ ከጥር ጀምሮ ዋጋው ሲረክስ የገዛችሁትን ባቄላ፣ ሽምብራና አተር እስከ ክረምት ለማድረስ ነው። ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዝ ደግሞ አየር ይፈልጋል።

መጀመሪያ እህሉን ፀሐይ ላይ አድርቁ። መድረቁን በጨው ፈትኑ። ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ሙሉ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፤ ዘግታችሁ አንድ ደቂቃ ናጡት፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ይገባል።

ማስቀመጫው ንጹሕ፣ የደረቀና ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ነው። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ቀናት ይድረቅ። እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፤ ጎኑን እየመታችሁ ጠቅጥቁት። ባዶ ቦታ አየር ነው። ክዳኑን ከማጥበቃችሁ በፊት አፉ ላይ ላስቲክ አልብሱ። ውስጥ የቀረ ነቀዝ ያለችውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ቢያንስ ለአንድ ወር አትክፈቱት። በየቀኑ የሚከፈት ትልቅ ማስቀመጫ ጥቅም የለውም፤ ለዚህ ነው ከአንድ በርሜል አምስት ጀሪካን የሚሻለው። ለብዙ ኩንታል ሦስት ድርብርብ የሆነው ፒክስ ከረጢት በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አይጥ ግን ይበሳዋል።

ቋንጣ በበጋ ብቻ ይሰቀል፤ በክረምት እርጥበት ይሻግታል። ስብ የሌለው ሥጋ በቀጭኑ ይዘልዘል፣ በጨውና በበርበሬ ይታሽ፣ ነፋስ በሚገባበትና ዝንብ በማይደርስበት ይሰቀል። ሲታጠፍ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ አልደረቀም። ቅቤ ስታነጥሩ እሳቱ ዝግ ይበል፤ መንጣጣቱ ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ውስጡ ውሃ አለ፤ የሚበላሸውም በሱ ነው። ኮሰረቱና በሶብላው ከአጥሩ ሥር ደርሰዋል፤ በጥላ አድርቋቸው፤ ፀሐይ ሽታቸውን ይወስደዋል።

የቀረው እንቁላል ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ዶሮ ደግሞ አትጾምም። ስድስት ዶሮ በቀን አራት ቢጥሉ ከ200 እንቁላል በላይ ይከማቻል፤ አብዛኛው ቤት በሚጾምበት ወቅት ዋጋውም ይወርዳል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የማይጾሙ ጎረቤቶችን፣ ኬክ ቤቶችንና ሕፃናት ያሏቸውን ቤቶች ጠይቃችሁ ቋሚ ወሳጅ ያዙ። ቤት የምታስቀምጡትን አትጠቡት፤ መታጠቡ ቅርፊቱ ላይ ያለውን መከላከያ ያነሳዋል። ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለ3 ሳምንት ይቆያል። ቅርፊቱ ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ። የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት እንቁላል አትሽጡ፤ ለፋሲካው ዶሮ ወጥ ያስፈልጋችኋል፤ ያን ሰሞን ገበያ ወጥቶ እንቁላል መግዛት ኪስ ይጎዳል።